ጣትና ፊደል፦ የ1980ዎቹ የቤት ኮምፕዩተሮችና ተተኪ የቁልፍ ገበታዎቻቸው

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ርእስ ለጥናት መጽሔት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ በአሜሪካና በብሪታንያ፣ ተራው ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ ሊገዛቸው የሚችላቸው የቤት ኮምፕዩተሮች ለገበያ ቀረቡ። ብዙዎቹ የቀረቡት ለጽሕፈት በማይመች የቁልፍ ገበታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአምራቾቹ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሦስተኛ ወገኖች የተሻለ ገበታ እየሠሩ ለነዚሁ ማሽኖች ባለቤቶች መሸጥ ጀመሩ። የገዛውም ሰው ማሽኑን ፈትቶ፣ አሮጌውን ገበታ አውጥቶ፣ በምትኩ አዲሱን ያስገባ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችንን አስቀድመን እንስጥ። ኮምፕዩተር በስደተኛው ኢትዮጵያዊ ቤት ከገባ ጀምሮ በመካከላችን ሲነገር የቆየ አንድ እምነት አለ። ይኸውም ፊደላችን በማሽኑ ላይ ቦታ ያጣው ቁልፍ ስላልተሠራለት ነው፤ ፊደሎቻችን ሁሉ የተቀረጹበት ገበታ ቢሠራልን ኖሮ ችግሩ ያኔውኑ በተፈታ ነበር የሚል ነው። እኛም ራሳችን ይህንኑ እናምን ነበር። የተተኪ ገበታዎች ታሪክ ግን የእምነቱን ስሕተት በግልጽ ያሳያል። በቁልፍና በፊደል መካከል አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቁልፉን ከፊደሉ ጋር የሚያገናኘው ሠንጠረዥ ነው። ገበታን ሙያው ያለው ማንኛውም ሰው ሊተካው ይችላል። ሠንጠረዡ የጠፋበት ጽሑፍ ግን ቢገኝም አይነበብም። ወደ መጨረሻው እንደምናሳየው፣ ይህ ልዩነት በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ጽሑፎችን ዕጣ ዛሬም የሚወስን ነው።

1. የርካሽነት ዋጋ

ታሪኩን ከ1977 እንጀምር። በዚያ ዓመት ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ «ፔት 2001» የተሰኘውን ማሽን አወጣ። የኩባንያው መሥራች ጃክ ትራሚየል በፖላንድ የተወለደ፣ ከናዚዎች የእልቂት ካምፕ የተረፈና ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር፤ በንግዱም ዓለም የጀመረው የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው በ1970ዎቹ ገበያ ያገኘው በሒሳብ ማስያ ማሽኖች ስለ ነበር ፔትም የወረሰው የሒሳብ ማስያ ቁልፎችን ሆነ። ቁልፎቹ ትናንሽና የተጠጋጉ ስለ ነበሩ ዐይን ካልመራው ጣት በልምዱ አያገኛቸውም ነበር። የጽሕፈት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ኩባንያ ሊጻፍበት የማያመች ማሽን ማውጣቱ የዋጋው ግፊት ምን ያህል እንደ ነበር ያሳያል። ኮሞዶር ራሱ በ1979 ሙሉ መጠን ያለው ገበታ የተገጠመለትን ፔት አወጣ።

አታሪ በ1979 ሁለት ማሽኖችን አከታትሎ ሲያወጣ ልዩነቱን በግልጽ አሳየ። ውድ የሆነው «አታሪ 800» እንደ ጽሕፈት መኪና የሚጫኑ ቁልፎች ነበሩት። ርካሹ «አታሪ 400» ግን የተሰጠው ቁልፎች የተሣሉበት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ለልጆች ታስቦ የተሠራ፣ መጠጥ ቢፈስበት የማይበላሽ ነው የሚል ምክንያት ተሰጥቶታል። ምክንያቱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም። ታንዲ ኩባንያ በ1980 በሬዲዮ ሻክ መደብሮቹ ያቀረበው «ከለር ኮምፕዩተር»ም በመጀመሪያ የወጣው ከሒሳብ ማስያ በተቀዱ ጠፍጣፋ ቁልፎች ነው።

ነገሩን እስከ መጨረሻው የወሰዱት እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክሌር ናቸው። በ1980 ያወጡት «ዜድ-ኤክስ 80» ተገጣጥሞ ሲሸጥ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በታች ነበር። በ1981 የተከተለው «ዜድ-ኤክስ 81» ደግሞ ተገጣጥሞ በ69.95 ፓውንድ፣ ሳይገጣጠም በ49.95 ፓውንድ ተሸጠ። ይህ ዋጋ የተገኘው ሊቀነስ የሚችለው ሁሉ ስለ ተቀነሰ ነው። በማሽኑ ውስጥ የነበሩት ቺፖች 4 ብቻ ናቸው፤ ማኅደረ ትውስታው 1 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ 40ዎቹ ቁልፎችም በአንድ ስስ ፕላስቲክ ላይ የታተሙ ሥዕሎች ናቸው። ጣት ሲጫናቸው አይወርዱም፤ ሲለቃቸውም አይነሡም። ጸሐፊው ፊደሉ መግባት አለመግባቱን የሚያውቀው ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን ሲመለከት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ይህ ማሽን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጧል።

በ1982 የወጣው «ዜድ-ኤክስ ስፔክትረም» አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። በስሱ ፕላስቲክ ላይ ባለ 40 ቁልፍ የጎማ ንጣፍ ተደረበበት። ጎማው በጣት ሥር ይሰረጉዳል፤ ነገር ግን የቁልፍን ጥንካሬ አይሰጥም፤ ከጥቂት ገጾች በኋላም እጅን ያዝላል። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው የገበሬዎቻችን ብሂል ለዚህ ገበታ በትክክል ይሠራል።

አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እናስገንዝብ። እነዚህን ማሽኖች የምናነሣው ለማናናቅ አይደለም። በ125 ፓውንድ ኮምፕዩተር መግዛት የቻለ የሠራተኛ ልጅ ባይሰረጉድለት ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር። አምራቹ አንድ ነገር መቀነስ ግድ ከሆነበት ገበታውን መቀነሱ ከገንዘብ አንጻር ስሌት ነበረው፤ ገበታ የሚነካ፣ የሚንቀሳቀስና በብዛት ቢመረትም ዋጋው እንደ ቺፕ ቶሎ የማይወርድ ክፍል ነውና። ጉዳቱ የወደቀው ማሽኑን ከመጫወቻነት ወደ ጽሕፈት መሣሪያነት ሊያሻግር በሚፈልገው ሰው ላይ ነው። የሦስተኛ ወገኖች ገበያም የተፈጠረው በዚሁ ሰው ፍላጎት ነው።

2. ቁልፍ ለማሽኑ ምንድን ነው?

ተተኪ ገበታ እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ ለመረዳት የገበታውን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በዜድ-ኤክስ 81ም ሆነ በስፔክትረም ውስጥ 8 አግድምና 5 ቁም መሥመሮች መረብ ሠርተው ተዘርግተዋል። መሥመሮቹ በ40 ቦታ ይተላለፋሉ፤ በየመተላለፊያውም አንድ ቁልፍ አለ። ጣት ቁልፉን ሲጫን አንዱ አግድም መሥመር ከአንዱ ቁም መሥመር ጋር ይነካካል። ስፔክትረም በሴኮንድ 50 ጊዜ አግድሞቹን በየተራ እየጠየቀ ከአምስቱ ቁም መሥመሮች የትኛው እንደ ተነካ ያያል። ወደ ዋናው ሰሌዳ የሚሄዱት ሁለት ጥብጣቦች ብቻ ናቸው፤ አንዱ 8፣ ሌላው 5 መሥመር ይይዛል።

እንግዲህ ማሽኑ ከገበታው የሚያገኘው ወሬ «ይህ አግድም ከዚህ ቁም ጋር ተነካ» የሚለው ብቻ ነው። ቁልፉ ከጎማ ይሁን ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ በላዩ «ኤ» ይጻፍበት ወይም «ሀ»፣ ምንም ባይጻፍበት እንኳ፣ ማሽኑ አያውቅም። መነካካቱን ወደ ፊደል የሚለውጠው ፋብሪካው አንዴ ጽፎ በዘጋው ማኅደር ውስጥ የሚገኝ ሠንጠረዥ ነው።

ትልልቆቹም ማሽኖች ከዚህ ሕግ አይወጡም። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ ገበታ በውስጡ የራሱ ትንሽ ማሰቢያ ቺፕ አለው፤ ለኮምፕዩተሩም በሽቦ የሚልከው ቁጥር ነው። የእንግሊዝኛው «ኤ» ቁልፍ ሲጫን 30 የሚል ቁጥር ይሄዳል፤ ሲለቀቅ 158 ይሄዳል። ቁጥር 30 «ኤ» መሆኑን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። በፈረንሳይ የሚሸጠው ገበታ በዚያው ቦታ ላይ «ኪው» ተጽፎበት ያንኑ 30 ቁጥር ይልካል፤ በዚያ ሀገር የተጫነው ሠንጠረዥ ግን «ኪው» ብሎ ያነበዋል።

3. ሦስተኛ ወገኖቹ

የመረቡ ቀላልነት ለሦስተኛ ወገኖች በር ከፈተ። ስምንቱንና አምስቱን መሥመሮች በቅደም ተከተላቸው ያወቀ ሰው፣ 40 ጥሩ ቁልፎች ገዝቶ በሰሌዳ ላይ ካሰለፈና በዚያው መረብ ካገናኛቸው፣ ማሽኑ ልዩነቱን ሳያውቅ ያገለግለዋል። በብሪታንያ ዲኬትሮኒክስና ፉለር የተባሉት ድርጅቶች ለሲንክሌር ማሽኖች እውነተኛ ቁልፍ ያላቸው ገበታዎች ሸጡ። የዲኬትሮኒክስ ገበታ ለብቻው የተከፈለ የቁጥር ረድፍ ያለው ትልቅ ሣጥን ሲሆን፣ ገዢው የስፔክትረሙን ሰሌዳ ከፋብሪካው ቤት አውጥቶ በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ያሰፍረው ነበር። በካናዳ ኢንሆም ሶፍትዌር ለአታሪ 400 «ቢ ኪ 400» የተባለውን ገበታ አቀረበ። በአሜሪካ ደግሞ ኤች.ጄ.ኤል. ፕሮዳክትስ የታንዲን ከለር ኮምፕዩተር ቁልፎች የሚተካ «ኤች.ጄ.ኤል.-57» የተሰኘ ገበታ አወጣ።

ሥራው የራሱ ፈተና ነበረው። ማሽኑን የከፈተ ሰው የፋብሪካውን ዋስትና ያጣል። ስሶቹ የፕላስቲክ ጥብጣቦች ጥንቃቄ ካልተደረገላቸው ይሰነጠቃሉ። ከሁሉም ይልቅ ያስቸገረው ግን አዲስ ቁልፍ መጨመር ነው። በስፔክትረም ላይ የተሳሳተ ፊደል ለማጥፋት ሁለት ቁልፎች ባንድነት መጫን አለባቸው፤ ለማጥፊያ ብቻ የሚያገለግል መተላለፊያ በመረቡ ላይ የለምና። ስለዚህ የራሱን የማጥፊያ ቁልፍ ሊሰጥ የፈለገ ሠሪ አንድ ቁልፍ ሁለት መነካካት በአንድ ጊዜ እንዲፈጥር ማድረግ ነበረበት። እንደዚሁም ሦስት ቁልፎች ባንድነት ተጭነው በመረቡ ላይ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ ቢውሉ ማሽኑ አራተኛውንም የተጫነ ሊመስለው ይችላል። ያንኑ መረብ የተከተለ ተተኪ ገበታ፣ ቁልፎቹ የቱን ያህል ያማሩ ቢሆኑ፣ ይህን ጠባይ አብሮ ይወርሳል።

ሦስተኛ ወገን ሁልጊዜ ትንሽ አልነበረም። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስፖኬን ከተማ የሚገኘው ኬይትሮኒክ ገበታ በመሥራት የታወቀ ትልቅ ድርጅት ነበር። የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ የመጀመሪያ ገበታ ቁልፎቹ ጠንካራና የተመሰገኑ ቢሆኑም የአንዳንዶቹ አቀማመጥ ጽሕፈት ለለመደ እጅ እንግዳ ነበር፤ ትልልቅ ፊደላት መቆለፋቸውን የሚያመለክት መብራትም አልነበረውም። ኬይትሮኒክ «5151» በተባለው ገበታው የአቅጣጫ ቁልፎችን ከቁጥሮቹ ለይቶ፣ መብራቶቹንም ጨምሮ አቀረበ። ይህ የሚያሳየው ተተኪ ገበታ የድሃው መድኃኒት ብቻ እንዳልነበረ ነው።

4. የአምራቾቹ መልስ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተጠቃሚው ኀይል ጎልቶ የሚጠቀስ ምሳሌ የፒሲ ጁኒየር ጉዳይ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በኅዳር 1983 መጀመሪያ ለቤት የሚሆን አነስ ያለ ኮምፕዩተር ማዘጋጀቱን አስታወቀ። ገበታው ያለ ሽቦ የሚሠራ፣ 62 ቁልፎች ያሉት ነበር። ነገር ግን ቁልፎቹ እንደ ማስቲካ ፍሬ የተነጣጠሉ ትናንሽ ሲሆኑ፣ ፊደሎቹም የተጻፉት በቁልፎቹ ላይ ሳይሆን በላያቸው ባለው ሰሌዳ ላይ ነበር። የዓለም ትልቁ የኮምፕዩተር ኩባንያ፣ ያውም የጽሕፈት መኪናዎቹ በየቢሮው የተከበሩ ኩባንያ፣ ይህን ማቅረቡ ብርቱ ነቀፌታ አስነሣ። ኬይትሮኒክን የመሳሰሉ ሦስተኛ ወገኖች ለዚህም ማሽን ተተኪ አዘጋጁ። አይ.ቢ.ኤም. በሐምሌ 1984 መጨረሻ አዲስ ገበታ አወጣ፤ አሮጌውን ለገዙት ሁሉ ያለ ክፍያ እንደሚለውጥላቸውም አስታወቀ። ይሁንና ማሽኑ ስሙን አላደሰም፤ በመጋቢት 1985 ምርቱ መቆሙ ተነገረ።

ሲንክሌርም በጥቅምት 1984 «ስፔክትረም ፕላስ»ን አወጣ። ይህ ማሽን ውስጡ ያው ስፔክትረም ሲሆን፣ ጠንካራ ፕላስቲክ የለበሱ 58 ቁልፎች ተሰጥተውታል። ኩባንያው ለአሮጌው ማሽን ባለቤቶችም መለወጫውን ለብቻው ሸጠ። ከአዲሶቹ ቁልፎች ሥር ግን አሁንም ስስ ፕላስቲክ ነበር፤ ልዩነቱ ተጨማሪዎቹ ቁልፎች ሁለት መነካካት ባንድነት እንዲፈጥሩ ተደራራቢ ሆኖ መሠራቱ ነው። በዚህም ሦስተኛ ወገኖቹ አስቀድመው ያዩትን ጉድለት አምራቹ ራሱ አመነ።

ኩባንያዎቹ የመሰኪያውን ቋንቋ ሲለውጡ ደግሞ ሦስተኛ ወገኑ ከሥር ይከተል ነበር። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 «ኤ.ቲ.» የተባለውን ማሽን ሲያወጣ የገበታው መሰኪያ በመልኩ ያው ሆኖ ሳለ በውስጡ የሚተላለፈው መልእክት ተለወጠ። የቀድሞው ገበታ በአዲሱ ማሽን ላይ ቢሰካ አይሠራም። ሌሎች ሠሪዎችም ከገበታቸው ሥር ትንሽ ማዞሪያ እያበጁ፣ ባለቤቱ እንደ ማሽኑ ዐይነት እንዲያዞረው አደረጉ።

5. ተተኪው ያልደረሰበት

እስካሁን ያየነው ተተኪ ገበታ ያቃናውን ነው። አሁን ያላቃናውን እንመልከት። የሲንክሌር ማሽኖች የሚታዘዙት ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለአንድ ቁልፍ ተሰጥቷል። በመሥመር መጀመሪያ ላይ «ፒ» የተባለው ቁልፍ ሲጫን «ፕሪንት» የሚለው ቃል ሙሉውን ይወጣል፤ «ጄ» ሲጫን «ሎድ» ይወጣል። በስፔክትረም ላይ አንዱ ቁልፍ እስከ አምስትና ስድስት ትርጉም ይሸከም ነበር። ተተኪ ገበታ የሠራ ሁሉ ይህን ሸክም በቁልፎቹ ላይ መቅረጽ ወይም የሚለጠፍ ጽሑፍ አብሮ መስጠት ነበረበት። ቁልፉ ሺህ ጊዜ ቢሻል ሠንጠረዡ የሲንክሌር ነው፤ ጸሐፊውም የሲንክሌርን ሥርዐት ከመማር አይድንም።

ይህን እኛ የተረዳነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለንደን ሳለን አንድ ያገለገለ ስፔክትረም ከነተተኪ ገበታው ገዛን። ቁልፎቹ መልካም ነበሩ። በቀጭን ብዕር ፊደሎቻችንን በወረቀት ጽፈን፣ ቆራርጠን፣ በየቁልፉ ላይ ለጠፍን። «ለ» የለጠፍንበትን ቁልፍ ስንጫን በመስታየቱ ላይ የወጣው የላቲን ፊደል ነው። ዛሬ ስንነግረው ያስቃል፤ ያን ሌሊት ግን አላሳቀንም። ከዚያ በኋላ ነው መመሪያውን በጥሞና ማንበብ የጀመርነው።

መመሪያው ተጠቃሚው ራሱ ሊሥላቸው የሚችላቸው 21 ምልክቶች እንዳሉ ይናገራል። እያንዳንዱ ምልክት በ8 በ8 ነጥቦች የሚሣል ነው። 21 ማለት ለእኛ ሦስት ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ማለት ነው። ሀን፣ ለንና ሐን ሣልን፤ «ሖ» ላይ ስንደርስ ቦታው አለቀ። የማሽኑ የምልክት ሠንጠረዥ በጠቅላላው 256 ቦታ አለው፤ ከዚህ ውስጥ ከ165 እስከ 255 ያሉትን 91 ቦታዎች የያዙት የቤዚክ ቃላት ናቸው። ሌላም መንገድ ነበር። ማሽኑ የላቲኑን ፊደል የሚያነብበትን አድራሻ በመለወጥ 96ቱን መደበኛ ምልክቶች በሙሉ በሌላ መተካት ይቻላል። ነገር ግን 96 ቦታ የሚበቃው ለ13 ፊደላት ከነቤታቸው ነው፤ ከሀ ተነሥቶ ኀ ላይ ያበቃል፤ ነ ላይ አይደርስም። ያውም ቁጥርና ነጥብ ሁሉ ተነሥቶ ነው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ይሆናሉ። 231 ምልክቶችን በ8 በ8 ነጥብ ለመሣል 1848 ባይት ይበቃል፤ ባለ 48 ኪሎባይቱ ማሽን ለዚህ ከበቂ በላይ ማኅደር ነበረው። የጠፋው ማኅደርም ቁልፍም አልነበረም። የጠፋው በሠንጠረዡ ላይ የተፈቀደ ቦታ ነው።

6. ፊደላችንና ሠንጠረዡ

ከኮምፕዩተር በፊት የነበሩት አባቶቻችን ይህን ችግር በሌላ መልክ አግኝተውታል። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ዝቅና ከፍ ተደርገው ከዘጠና ገደማ የማይበልጥ ምልክት ነው የሚያትሙት። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩና ከእርሳቸውም በኋላ የመጡት ፊደሉን ከፋፈሉት። ግንዱ አንድ ቁልፍ፣ የቤቱ ምልክት ሌላ ቁልፍ ሆኖ ጸሐፊው ሁለቱን እየደራረበ «ሉ»ንና «ሊ»ን ይሠራል። የኦሊቬቲ የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ቅርጹ የተቆራረጠ ነው ተብሎ ቢነቀፍም አንድ ጥቅም ነበረው። በመኪናው የተጻፈ ደብዳቤ ወረቀቱ እስካለ ድረስ ይነበባል፤ አንባቢው መኪናውን ማግኘት አያስፈልገውም።

በኮምፕዩተር የተጻፈው ግን እንዲህ አይደለም። በ1980ዎቹ ማብቂያና በ1990ዎቹ፣ በስደትም በሀገር ቤትም ያሉ ባለሙያዎች ፊደላችንን በፒሲና በማኪንቶሽ ላይ አሠሩት። በተራው የላቲን ገበታ «ኤል»ንና የአናባቢ ቁልፍን አከታትሎ በመጫን የ«ለ»ን ቤቶች ማውጣት ተቻለ፤ ልዩ ገበታ ሳይሠራ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ያለ እነርሱ የስደቱ መጽሔቶችና ጋዜጦች ባልታተሙ ነበር። ሆኖም የጋራ ሠንጠረዥ ስላልነበረ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ሠራ። በአንዱ ፕሮግራም «መ» የነበረው ቁጥር በሌላው «ቆ» ሊሆን ይችላል። 231ዱም ፊደሎች በአንድ የቅርጸ ፊደል ፋይል ውስጥ ስለማይበቁ አንዳንዱ በሁለትና በሦስት ፋይል ከፋፈላቸው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንዱን ከምልክቱ ደራረበ። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የመሳሰሉት የታወቁ ፕሮግራሞችም ሁሉ በየራሳቸው ሠንጠረዥ የሚሄዱ ነበሩ።

የጋራው ሠንጠረዥ የተገኘው በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። በዚያ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል፣ ከቁጥሮቹና ከሥርዐተ ነጥቦቹ ጋር፣ 345 ቦታዎች ተመደቡ። ከዚያ ወዲህ «ለ» በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አላት። ዛሬ በእጅ ስልክ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት ስለ ሠንጠረዥ አያስብም፤ ሊያስብም አይገባውም። ሁለት መቶ ቁልፍ ያለው ገበታ ግን እስከ ዛሬ አላስፈለገንም።

ከዚህ ላይ ነው ወደ አሮጌዎቹ ማሽኖች የምንመለሰው። የሲንክሌር ስስ ፕላስቲኮች በዕድሜ ብዛት ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ ማሽኑም ፊደል መቀበል ያቆማል። ነገር ግን የስምንቱና የአምስቱ መሥመሮች ቅደም ተከተል ስለሚታወቅ፣ ዛሬም በልዩ ልዩ ሀገሮች ያሉ ወዳጆቻቸው አዲስ ፕላስቲክ እያሠሩ ይተኩላቸዋል፤ ዘመናዊ ገበታ የሚያያይዙላቸውም አሉ። በ2024 ሬትሮ ጌምስ የተባለ የብሪታንያ ድርጅት የስፔክትረምን አምሳያ ሲያወጣ ያን የተነቀፈ የጎማ ገበታ ሳይቀር አስመስሎ ሠርቶታል። ከ40 ዓመት በላይ ያለፈው መጫወቻ በዚህ መልክ ይኖራል።

የእኛ ጽሑፎችስ? በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተጻፉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ የጥናት ረቂቆች፣ ያልታተሙ ትዝታዎች፣ ከእስር ወጥተው በስደት ያለፉ ሰዎች የተናገሩት ምስክርነት፣ በየቤቱ በዲስኬት ተቀምጠዋል። ዲስኬቱ ቢከፈትና ፋይሉ በሙሉ ቢገኝ እንኳ የተጻፈበት ቅርጸ ፊደል ከሌለ በመስታየቱ ላይ የሚታየው የተደበላለቀ የላቲን ምልክት ነው። በቁጥሮቹ መካከል የጠፋ የለም፤ የጠፋው ቁጥሩ የትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ ነው። እኛም ከአንድ ሟች ወዳጃችን ልጆች የተረከብነውን እንዲህ ያለ ፋይል ለማንበብ ብዙ ወራት ደክመናል። ያዳነን አንድ የታተመ ገጽ ነው። የዚያው ጽሑፍ ሦስተኛ ገጽ በወረቀት ተገኘ፤ እርሱን ከፋይሉ ጎን አድርገን፣ ቁጥሩን ከፊደሉ እያስተያየን፣ ሠንጠረዡን መልሰን ጻፍነው። ወረቀቱ ባይገኝ ኖሮ አባታቸው የጻፈው ለልጆቹ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ በቀረ ነበር።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንዘጋው በሦስት ማሳሰቢያዎች ነው። በመጀመሪያ፣ አሮጌ ዲስኬት ያለው ሁሉ ፋይሉን ሲያስቀዳ ቅርጸ ፊደሉን የያዘውን ፋይልና ፕሮግራሙን አብሮ ያስቀዳ፤ የፕሮግራሙንም ስም በወረቀት ጽፎ ከዲስኬቱ ጋር ያኑር። ሁለተኛ፣ ከማንኛውም ሰነድ ቢያንስ አንድ ገጽ የታተመ ቅጅ ከተገኘ አይጣል፤ ሠንጠረዡን መልሶ ለማግኘት መክፈቻው እርሱ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ የቅርጸ ፊደል ፕሮግራሞችን የሠሩ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሠሯቸውን ሠንጠረዦች ለማኅበራት፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለተመራማሪዎች እንዲያስረክቡ፣ ዕድሜ ሳያልፍ፣ በአክብሮት እንጠይቃቸው። የዲኬትሮኒክስና የፉለር ሠራተኞች የሌላውን ሰው ማሽን ሊጠግኑ የቻሉት መረቡ በግልጽ የሚታይ ስለ ነበር ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ጽሑፎቻችንን ሊያነቡ የሚችሉት እኛ ሠንጠረዡን በግልጽ ቦታ ካስቀመጥንላቸው ነው።